ለልጄ፦ ስለ ኢኬቡኩሮው ጌም ቤት መዘጋት

ቶኪዮ፣ መስከረም 13 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሃል? እኔም አባትህም እህትህም እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። ዘንድሮም በወረርሽኙ ምክንያት በቶኪዮዋ ካትሱሺካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እንደ ድሮው በአንድ አዳራሽ ተሰብስበን እንቁጣጣሽን ማክበር ስላልቻልን፣ በየቤታችን ሆነን በስልክ ተመራርቀን አዲሱን ዓመት ተቀብለናል።

አደራ ያልከኝን ፈጽሜአለሁ። አብረን እንሄድበት የነበረው የሴጋ ኩባንያ ጌም ቤት፣ ሴጋ ኢኬቡኩሮ ጊጎ፣ መስከረም 10 ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 20 ቀን 2021፣ ለመጨረሻ ጊዜ ተከፍቶ በዚያው ዕለት ተዘጋ። ቀኑ ሰኞ ቢሆንም ጃፓኖች አረጋውያንን የሚያከብሩበት በዓል ስለነበረ ሥራ አልገባሁም። አንተ በድንበሩ ቁጥጥር የተነሳ ከሙኒክ መጥተህ ልትገኝ ስላልቻልክ፣ ያየሁትንና የማስበውን በጽሑፍ እንዲደርስህ ፈለግሁ። ጓደኞችህ «ጌሙ እቤትህም አለ፣ ለአንድ ጌም ቤት ይህን ያህል ማዘን ምንድን ነው?» ብለውኛል ያልከኝ ነገር በስልክ ተነሥቶ በስልክ የሚያልቅ ሆኖ አላገኘሁትም።

እንደለመድነው ከዮትሱጊ ተነሥቼ ኒፖሪ ላይ ወደ ያማኖቴ የባቡር መስመር ቀየርሁ፤ በኢኬቡኩሮ ምሥራቅ በር ወጥቼ የሰንሻይን 60 ጎዳና ስደርስ ገና ከሩቅ በዚያ ቀይ ሕንፃ ሥር የቆመው ሰው ብዛት ታየኝ። ሁሉም ማስክ አድርጎ፣ አብዛኛውም ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ የሴጋን ምልክት ፎቶ ያነሣ ነበር። ልጆች ብቻ ይሆናሉ ብለህ አታስብ። ቤቱ የተከፈተው በ1993 (ይህም ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶችም ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው) ስለሆነ፣ ያኔ በተማሪ ዩኒፎርም ይመጡ የነበሩት ዛሬ አርባ ዓመትን ተሻግረዋል፤ ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው የመጡም አይቻለሁ። አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ከመግቢያው አጠገብ ቆማ የዕቃ ማንሻ ማሽኖቹን አንድ በአንድ፣ ምንም ሳትጫወት፣ ስትመለከት ብዙ ቆየች።

ወደ ላይ ወጥቼ የምትወደውን ጌም፣ ዘፈኑን እየተከተሉ የሚመቱትን ከበሮ፣ በአንተ ፋንታ መታሁልህ። ተራ ለመጠበቅ የተሰለፈው ሰው ረጅም ነበር፤ ነገር ግን ማንም ማንንም አላቻኮለም። ቀላሉን ደረጃ መርጬ አንድ መቶ የን ከተትሁ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ከኋላዬ የነበረው ወጣት አጨበጨበልኝ። ምሽት ላይ ሰዉ ሁሉ ወደ ውጭ ወጥቶ መንገዱን ሞላው። የቤቱ ኃላፊ ሕዝቡን አመስግኖ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ፣ የብረት መዝጊያውም ቀስ ብሎ ወረደ። በዚህ አገር ስንት ዓመት ስኖር ብዙ ሱቅ ሲዘጋ አይቻለሁ፤ ደንበኞቹ ተሰብስበው በጭብጨባ የሸኙት ግን ከዚህ በቀር አላስታውስም።

አሁን ወደ ጓደኞችህ ጥያቄ ልመለስ። ይህ ዓይነቱ ቤት ጃፓን ውስጥ ምን እንደነበረ የማያውቅ ሰው መዘጋቱን እንደ ማንኛውም የንግድ ቤት መዘጋት ቢቆጥረው አልፈርድበትም። ነገሩ የጀመረው በ1978 ታይቶ የተባለው ኩባንያ ኒሺካዶ ቶሞሂሮ የሠራውን ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለ ጌም ባወጣ ጊዜ ነው። ቡና ቤቶች ሳይቀሩ ጠረጴዛቸውን አውጥተው ስክሪን ያለበት የጨዋታ ጠረጴዛ አስገቡ፤ ያንን ጌም ብቻ ደርድረው የሚያስተናግዱ ቤቶችም በየከተማው ተከፈቱ። ብዙም ሳይቆይ ወላጆችና አስተማሪዎች ቦታውን በጥርጣሬ ማየት ጀመሩ፤ ጨለም ያለ፣ በሲጋራ ጭስ የታፈነ፣ ከትምህርት የቀሩ ልጆች የሚውሉበት ነው ተባለ። መንግሥትም ከ1985 ጀምሮ ጌም ቤቶችን ከምሽት መዝናኛዎች ጋር በአንድ ሕግ ሥር አስገብቶ የሥራ ሰዓታቸውንና የልጆችን መግቢያ ወሰነ። በዚያው ዓመት ሴጋ ዩፎ ካቸር የሚባለውን የአሻንጉሊት ማንሻ ማሽን አወጣ፤ በ1995 ደግሞ አትለስ ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆኖ ፎቶ አንሥቶ በተለጣፊ ወረቀት የሚያትመውን ማሽን አመጣ፤ በእነዚህ ምክንያት ሴቶችና ቤተሰቦች ወደ ውስጥ መግባት ጀመሩ። የኢኬቡኩሮው ቤት የዚህ ዘመን ልጅ ነው፤ ብርሃን የሞላበት፣ ብዙ ፎቅ ያለው፣ እናት ልጇን ይዛ ስትገባ የማታፍርበት። ባይሆን ኖሮ እኔም አላስገባህም ነበር።

ሕጉን እኔ ወድጄዋለሁ። በቶኪዮ 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻውን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መቆየት አይችልም፤ ሰዓቱ ሲቃረብ አስተናጋጆቹ በየማሽኑ እየዞሩ ልጆቹን በትሕትና ሲያስወጡ አንተ አኩርፈህ ትወጣ ነበር፤ እኔ ግን ልጄን ሌላ ሰውም ከእኔ ጋር እንደሚጠብቅልኝ ተሰምቶኝ በልቤ አመሰግናቸው ነበር።

ያንን ቤት የወደድኩበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ወደዚህ አገር ስትመጣ ቋንቋ አልነበረህም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆቹ ክፉ ሆነው ሳይሆን ምን እንደሚሉህ ስለሚጨንቃቸው ከአንተ ይርቁ ነበር። ከበሮው ማሽን ፊት ስትቆም ግን የሚጠየቀው አንድ መቶ የን እና ምቱን መጠበቅ ብቻ ነበር። ከየት መጣህ የሚል አልነበረም፤ አጠገብህ ያለው ሁለተኛ ከበሮ ባዶ ከሆነ አንድ የማታውቀው ሰው በእጁ ምልክት አስፈቅዶህ ይቆምና አብሮህ ይመታል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል። ለአንድ እንግዳ ልጅ ይህ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው ያየው ነው።

ደብተሩንም ታስታውሰዋለህ። በብዙ የጃፓን ጌም ቤቶች ተጫዋቾች የሚጽፉበት ደብተር በአንድ ጥግ ይቀመጣል፤ አንዱ ጥያቄ ይጽፋል፣ ሌላው በሌላ ቀን መጥቶ ይመልሳል፣ ሥዕል የሚችልም ይሥላል። አንተም ሂራጋና በሚባለው ቀላሉ የጃፓን ፊደል፣ በተጣመመ ጽሑፍ፣ አንድ አስቸጋሪ ዘፈን እንዴት እንደሚመታ ጠየቅህ፤ በሌላ ጊዜ ስንመለስ አንድ ሰው ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ቀኝና ግራ እጁን በቀይና በሰማያዊ ለይቶ፣ አስቸጋሪውንም የቻይና ፊደል ሁሉ ትቶ አንተ ማንበብ በምትችለው ፊደል ብቻ ጽፎልህ አገኘን። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አናውቅም። እኔ በአንደበቴ ላመሰግነው ያልቻልኩት ሰው ነውና ሰኞ ዕለት ሕዝቡን ሳይ ከመካከላቸው አንዱ ይሆን እያልኩ ፊታቸውን ስመለከት ነበር።

ለምን እንደተዘጋ ጠይቀኸኛል። በይፋ የተነገረው ምክንያት የሕንፃው የኪራይ ውል ማብቃቱ ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ገበያው የደራለት ነጋዴ በሰንሻይን ጎዳና ላይ ያለን ቤት በቀላሉ አይለቅምና ከውሉ ጀርባ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። በፖሊስ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ በ1986 ከ26 ሺህ በላይ ጌም ቤቶች ነበሩ፤ በ2019 የቀሩት 4 ሺህ ገደማ ናቸው። ይህ ሁሉ ከወረርሽኙ በፊት ነው። ኒንቴንዶ ፋሚኮም የተባለውን የቤት ጌም ማሽን በ1983፣ ሶኒ ደግሞ ፕሌይስቴሽንን በ1994 ባወጡ ጊዜ ጌሙ ወደ ሳሎን ገባ፤ በኋላም ስልኩ ኪስ ውስጥ አስገባው።

እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ጥፋቱን የማየው በአንዷ ሳንቲም ላይ ነው። የጨዋታው ዋጋ በእኔ ዓይን እንኳ መቼም ከ100 የን ፈቅ ሲል አላየሁም፤ ማሽኑ የተሠራው ለዚያች ሳንቲም ነውና 103 ወይም 110 የን መጠየቅ አይቻልም፣ 200 ቢባል ደግሞ ተማሪው ይቀራል። የፍጆታ ግብሩ ግን በ1989 በ3 በመቶ ጀምሮ በ1997 ወደ 5፣ በ2014 ወደ 8፣ በ2019 ወደ 10 በመቶ ወጣ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ልጅ ከሚከተው 100 የን ላይ 9 የን ያህሉ ገና ከበሮው ሳይመታ ግብር ነው። በላዩ ላይ የመብራቱን፣ የሠራተኛውን፣ የኪራዩን፣ የማሽኑን ዋጋ ጨምር፤ በኔትወርክ የተያያዙት አዳዲስ ማሽኖች ደግሞ ከየጨዋታው ላይ ለአምራቹ የሚከፈል ድርሻ አላቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግብሩ ሲጨምር የእነሱ ዋጋ ብቻ ባለበት ቆሞ ቀረ። እነዚህ ሰዎች እስካሁን መቆየታቸው ነው የሚያስደንቀኝ።

ኮሮና የመጣው በዚህ ላይ ነው። በኤፕሪል 2020 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ጌም ቤቶች እንዲዘጉ ተጠየቁ፤ ሲከፈቱም ሰው ሌላው የነካውን መያዣ መንካት ፈራ። በዚያው ዓመት ኦገስት 30 ቀን በቶኪዮ አኪሃባራ ሰፈር ያለው ሁለተኛው የሴጋ ጌም ቤት ሕንፃ ተዘጋ፤ ዓመቱ ሳያልቅም የሴጋ እናት ኩባንያ ሴጋ ሳሚ ጌም ቤቶቹን የሚያስተዳድረውን ኩባንያ 85.1 በመቶ ድርሻ ጌንዳ ለተባለ ኩባንያ ሸጠ። ሰኞ ዕለት ሰዉ ፎቶ ሲያነሣው የነበረው የሴጋ ስም በባለቤትነቱ በኩል አስቀድሞ የሌላ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ማንንም አልወቅስም፤ ኩባንያ የሚከስርበትን ቤት ይዞ እንዲቆይ መጠየቅ አይቻልም። ያዘንኩት በሒሳብ መዝገቡ ላይ ያ ደብተር የሚገባበት መስመር ስለሌለ ነው።

ጓደኞችህ ጌሙ እቤት አለ ማለታቸው ትክክል ነው። እቤት የማይገኘው አብሮ የሚጫወተው ሰዉ ነው። በ1991 ስትሪት ፋይተር 2 የተባለው የድብድብ ጌም ከወጣ በኋላ ማሽኖቹ ጀርባ ለጀርባ ተገጥመው አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ሆኖ መግጠም ተለመደ፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ በዚያው ሳንቲም ይቀጥላል፣ የቀረው ከኋላ ቆሞ ያያል። አዲስ አበባ ሰፈራችን ጆተኒ ዙሪያ ልጆቹ ተራቸውን እየጠበቁ ከሚጫወተው በላይ ሲከራከሩ እንደሚውሉት ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሁሉም ዝም ብሎ ነው የሚማረው። አንተ የምታደንቀው የድብድብ ጌም ተጫዋች ኡሜሃራ ዳይጎም በልጅነቱ የጠነከረው በቶኪዮ ጌም ቤቶች ከማያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ጋር እየገጠመ ነው። በኢንተርኔት ስትጫወት ተጋጣሚህን መምረጥ፣ ሲመርህም ማጥፋት ትችላለህ። እዚያ ግን ከተሸነፍክ በኋላ ተነሥተህ ያሸነፈህን ሰው ፊት ማየት ነበረብህ፤ አንድ ቀን ዕንባ ተናንቆህ ተነሥተህ ሳለ ያሸነፈህ ሰው ዞሮ መጥቶ አንድ ጣቱን እያነሣ «አንድ ዙር ወስደህብኛል» እንዳለህ የነገርከኝን አልረሳሁም።

ደግሞ ሁሉም አልጠፋም። ከኢኬቡኩሮ በያማኖቴ መስመር ሁለተኛው ጣቢያ ታካዳኖባባ ነው፤ እዚያ ሚካዶ የተባለው ጌም ቤት የድሮዎቹን ማሽኖች እየጠገነ፣ ውድድሮቹንም በኢንተርኔት እያሳየ ይሠራል። ባለፈው ዓመት ሊዘጋ ሲቃረብ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ነው ያቆዩት። ስትመጣ ከእህትህ ጋር ሦስታችን እንድንሄድ አስቤአለሁ፤ አባትህ ጫጫታውን አይችለውምና ከጣቢያው አጠገብ ቡና ይጠጣ።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። የመኪና እሽቅድምድም ጌሙን፣ የኢኒሻል ዲን፣ ካርዶችህን መሳቢያህ ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ፤ እህትህ ይሰጡኝ ብላለች። አንተ ካልፈቀድክ አልሰጣትምና መልስህን ጻፍልኝ። ደግሞም ያ የከበሮው ደብተር ላይ የተጻፈልህን ገጽ በስልክህ ፎቶ አንሥተኸው ከነበረና ካለህ ላክልኝ፤ ማሳተም እፈልጋለሁ።

ብርዱ ሳይጀምር ወፍራም ልብስ ግዛ፤ ምግብህንም በሰዓቱ ብላ። እግዚአብሔር በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ፤ ትምህርትህንም ያስፈጽምህ።

ሁልጊዜ የምትወድህ እናትህ