ሂሳብ ለሚያስተምረው ልጄ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ባለፈው ስትደውል የጠየቅከኝን ነገር ሳስበው ሰነበትኩ። በስልክ ተጣድፌ ከምመልስልህ ብዬ ነው መጻፌ። «ልጆቹ ሂሳብ ሲባል ፊታቸው ይጠቁራል፣ ምን ባደርግ ይወዱት ይሆን?» ነበር ያልከኝ። ዘፈንም ከረሜላም አስበሃል።

ዘፈኑ አይከፋም። ማባዣ በዜማ ሲሆን ቶሎ ይያዛል። ከረሜላው ግን አልቆ ሲበቃ ሂሳቡ ያው የበፊቱ ነው። ስንት ዓመት ጠመኔ ይዤ ስቆም ያየሁትን ልንገርህ። ልጅ ሂሳብ የሚጥመው መልሱን ለማወቅ የጓጓለት ጥያቄ ሲያገኝ ነው። ጉጉቱ ከቀደመ ሕጉን ራሱ መጥቶ ይጠይቅሃል። ብዙ መምህር ሕጉን አስቀድሞ 20 ጥያቄ ያሸክማቸዋል። ልጆቹ ማሰብ አይጠሉም። እነዚያው ፊታቸው የሚጠቁረው ልጆች ገበጣ ሲጫወቱ እያቸው። ጠጠሩን ገና ሳያነሱት የት እንደሚያልቅ አስልተው ጨርሰዋል።

እስቲ ማካፈልን እንውሰድ። 6ኛ ክፍል ደርሰውም «ቀሪ» የሚባለው ነገር ለምን እንደሚጠቅም የማያውቁ ብዙ ናቸው። አንተ እንዲህ ብለህ ግባ፦ «የተወለዳችሁበት ዓመት እንቁጣጣሽ በምን ቀን እንደዋለ ካላንደር ሳላይ እነግራችኋለሁ።» ዓመቱን ይንገሩህ፣ አንተ መልስ። ሦስት አራቱን ስትመልስ ክፍሉ ይንጫጫል። «እንዴት አወቅክ?» እስኪሉህ ጠብቅ። ያኔ የአባቶችን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን አውጣው።

በ2018 እንጀምር። 5500 ስትጨምርበት 7518 ይሆናል። ይህን ለ4 አካፍለህ ቀሪውን ተወው፣ 1879 ይደርሳል። ሁለቱን ደምር፣ 9397። አሁን ለ7 አካፍል። 3 ይቀራል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ቀሪው ላይ ነው። 1 ከቀረ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል። ምንም ካልቀረ ሰኞ ነው። የ2018 እንቁጣጣሽ ሐሙስ እንደነበር ደግሞ ሁሉም ያስታውሳል።

ከዚያ ወደ ልደታቸው ውሰዳቸው። ወራችን 30 ቀን ነው፣ 30 ለ7 ሲካፈል 2 ይቀራል። ስለዚህ ወር ባለፈ ቁጥር ቀኑ ሁለት ይገፋል። ሚያዝያ 10 ቀን 2006 የተወለደ ልጅ አለ እንበል። የ2006 እንቁጣጣሽ ረቡዕ ነበር። እስከ ሚያዝያ ሰባት ወር አለ፣ 14 ቀን ይገፋል፣ ዞሮ ረቡዕ ላይ ያርፋል። ሚያዝያ 1 ረቡዕ ከሆነ 10 ዓርብ ነው። ልጁ ቤቱ ሄዶ እናቱን ይጠይቅ። የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለነበር ዕለቱ ስቅለት ነው፤ አትረሳውም።

አየህ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከመጽሐፉ መልመጃ የበለጠ አካፈሉ። ማንም ግን «የቤት ሥራ በዛብን» አይልህም። ያም ሆኖ ትልቁ ጥያቄ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ለምን ለ7? ለምን ለ4? እባክህ ይህን አትንገራቸው። አፍህን ይዘህ ታገስ። 365 ለ7 ሲካፈል ስንት እንደሚቀር የሚሞክር ልጅ አይጠፋም። ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ 6 እንደምትሆን የሚያስታውስም ይኖራል። ሁለቱን ያገናኘች ልጅ ያን ቀን የሚሰማት ደስታ በምንም ከረሜላ አይገኝም። እኔ ይህን ሥራ የወደድኩት እንዲህ ዓይነት ፊት በማየት ነው።

ማባዣ ያልያዙትንም አስባቸው። ማባዛት በእጥፍና በግማሽ ብቻ እንደሚሠራ አሳያቸው። 13 በ24 ይሁን። በግራ በኩል 13ን እየገመስክ ውረድ፣ ግማሽ ከተረፈ ጣለው፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24ን እጥፍ እያደረግክ ውረድ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ከዚያ በግራው ጎዶሎ ቁጥር ትይዩ ያሉትን ብቻ ደምር። 24፣ 96 እና 192፣ በድምሩ 312። በውጭ መጻሕፍት «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» ይሉታል፤ የጥንት ግብፆችም ተቀራራቢ መንገድ ነበራቸው። የሰባትን ማባዣ አልያዝክም ተብሎ ስንት ዓመት ሲሸማቀቅ የኖረ ልጅ ትልልቅ ቁጥር ሲያባዛ ማየት አንጀት ያርሳል።

አንድ ነገር አደራ። ክፍልህ ውስጥ በተሳሳተ ልጅ አይሳቅ። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ብለኸው 2/5 ያለህ ልጅ ሳያስብ የመለሰ እንዳይመስልህ፣ አስቦ ነው። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምሯል። «ተሳስተሃል» ከማለትህ በፊት «በዚሁ መንገድ 1/2 ሲደመር 1/2 ሥራልኝ» በለው። 2/4 ይመጣለታል። ግማሽ እንጀራና ግማሽ እንጀራ ተደምሮ ግማሽ እንጀራ! ስህተቱን ራሱ ያየዋል፣ ራሱ ያርመዋል፣ በሚቀጥለው ቀንም እጁን ለማውጣት አይፈራም። የፈራ ልጅ ግን በጨዋታም አይማርልህም።

ክፍሉ ከ60 በላይ ነው ብለኸኛል። በአራት በአራት አስቀምጣቸው፣ ፈጣኑን ከፈጣን ጋር አትሰብስብ። ጠጠር ከግቢው ይለቅማሉ፣ ገበጣውንም መሬት ላይ ይቆፍራሉ። ለፈተናው አትጨነቅ፣ የገባው ልጅ ፈተናውንም ይሠራል።

የ7ቱን ምክንያት መጀመሪያ ያገኘው ማን እንደሆነ ደውለህ ንገረኝ። ምግብህን በሰዓቱ ብላ።

እናትህ፣ ከደሴ