ጋቢዬን የበላው ባትሪ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ብርዱ ከመግባቱ በፊት የመኪና ባትሪ ስለመቀየር በመኪና ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። አብዛኛው ደህና ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አላስተኛ አለኝ፤ «አቅማችሁ የቻለውን ያህል ትልቅ የማስነሻ ቁጥር ያለውን ባትሪ ግዙ፤ ትልቅ ቁጥር ማንንም አይጎዳም» ትላላችሁ። (ቁጥሩ ባትሪው በብርድ ሞተር ለማስነሣት ያለውን ጉልበት የሚለካው ነው።) እኔን ጎድቶኛል። እንዴት እንደጎዳኝ ብነግራችሁ የእኔን ዓይነት መኪና የያዘ ሌላ አንባቢ ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናገር። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ በነበረ አንድ ጋራዥ ውስጥ 11 ዓመት ባትሪ ስሞላ፣ ዲናሞና ሞተሪኖ ስጠግን ኖሬአለሁ። ወደ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ 19 ዓመት እዚሁ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ታክሲ ነዳሁ። ስለ ባትሪ ሰው ምክር ሲሰጠኝ በሆዴ የምስቅ ሰው ነበርኩ ማለት ነው። ታክሲውን ባቆምኩ በዓመቱ የ1992 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ ገዛሁ፤ በሌላው ዓለም «ኤምኤክስ-5» የሚሏት ናት። ቀይ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። ባለቤቴ ዙሪያዋን ዞራ ካየቻት በኋላ «እንግዳ ቢመጣብን የት ይቀመጣል?» አለችኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።

የዚህች መኪና ባትሪ ያለው እንደ ሌሎቹ ከፊት ከሞተሩ ጋር አይደለም፤ ከኋላ፣ ሻንጣ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ በቀኝ በኩል ነው። የሠሯት መሐንዲሶች ክብደቷ ከፊትና ከኋላ እኩል እንዲከፈል ፈልገው ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚቀመጥ ባትሪ በእነርሱ ዘንድ ብቻ የታሰበ ነገርም አይደለም። የእንግሊዞቹ ኤምጂቢ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ ከመቀመጫው ጀርባ ይዛ ትሄድ ነበር፤ ከ1968 እስከ 1982 የተሠራው የአሜሪካኖቹ ኮርቬትም ባትሪው ከመቀመጫው ኋላ ነው። የድሮ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ባትሪ ልግዛ ሲል መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ነው ቁጥሩ?» ሳይሆን «የት ነው የሚቀመጠው?» መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ምክንያቱን ሶማሌ ተራ ያለ ማንኛውም ልጅ ያውቀዋል። ባትሪ ሲሞላ ውስጡ ካለው ውሃ የተወሰነው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለወጣል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ እንዲፈነዳ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከፊት፣ ሞተሩ አጠገብ ያለ ባትሪ ነፋስ ስለሚያገኘው ጋዙ ይበተናል። የሻንጣ ክፍል ግን የተዘጋ ሣጥን ነው። ስለዚህ ማዝዳ ለሚያታ የመረጠው ፓናሶኒክ የሠራውን፣ አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ የተመጠጠ፣ «ኤ ጂ ኤም» የሚባለውን ዓይነት ባትሪ ነበር። ይህ ባትሪ ጋዙን ውስጡ መልሶ ውሃ ያደርገዋል፤ ከልክ በላይ ሲሞላና ግፊት ሲበዛበት ግን ይተነፍሳል። ለዚያ ደግሞ ከባትሪው በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ተያይዞ ትንፋሹ በመኪናው ወለል በኩል ወደ ውጭ እንዲወጣ ተደርጓል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ምን አደረግኩ? አሮጌው ባትሪ አንድ ጠዋት «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። ወደ አንድ የመለዋወጫ መደብር ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ኮምፒውተሩን እንኳ ሳያይ አንዱን አንሥቶ «ይኼ የማስነሻ ቁጥሩ ከሁሉም ይበልጣል፣ ዋጋውም የዚያኛው ግማሽ ነው» አለኝ። አሲዱ ፈሳሽ የሆነ ተራ ባትሪ ነበር። እኔም ሂሳቡ ደስ አለኝ። ወስጄ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት፤ ማሰሪያው አልደርስ ስላለ በናይሎን ጠፍር አሰርኩት። ሁለቱ ቱቦዎች የሚሰኩበት አጥተው አጠገቡ ተንጠልጥለው ቀሩ። አይቻቸዋለሁ። በእጄም ነው ወደ ጎን የገፋኋቸው።

የባትሪው ፖሎችም፣ ማለትም ኬብሎቹ የሚታሰሩባቸው ጉጦች፣ አልገጠሙም ነበር። የጃፓን ቀጭን ፖል የአዎንታዊው ስፋት 14.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሜሪካው 17.5 ነው። የኬብሉን ጫፍ በካቻቪቴ ከፍቼ፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጌ አስገባሁት። መርካቶ ሳለሁ ግልባጩን ነበር የምናደርገው፤ ቀጭኑ ፖል ላይ የቆርቆሮ ቁራጭ ወትፈን እናጠብቅ ነበር። ያን ጊዜ ችግር ነው ያስደረገን። እዚህ ግን ምን ቸገረኝ?

በጋው እንዲህ አለፈ። መኪናዋን የማወጣት በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነው። ከኋላ ክፍሏ ውስጥ እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝን ጋቢ አስቀምጣለሁ፤ ጣሪያው ተከፍቶ ሲነዳ ጠዋት ላይ ይበርዳል። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ጋቢውን ልታጥበው አወጣችው። ሲወጣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ቢጫ ነገር ከማየቷ በቀር ደህና ነበር። ከማጠቢያው ሲወጣ ግን ጥለቱ ድረስ ወንፊት ሆኗል፤ ጣቷን በአንዱ ቀዳዳ አስገብታ በሌላው አወጣችው። «መኪናህ ውስጥ አይጥ አለ» አለችኝ።

አይጥ አልነበረም። የኋላውን ምንጣፍ ስገልጠው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ፊቴን መታኝ። ከባትሪው ሥር ወለሉ ላይ ነጭ፣ እዚህም እዚያም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዱቄት ተኝቷል። ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሥቷል፤ በጥፍሬ ስነካው ከሥሩ ያለው ብረት ቡናማ ሆኖ ፈረፈረ። የዳቦ ሶዳ በውሃ በጥብጬ ሳፈስበት እየተንቸፈቸፈ ፈላ፤ አራት ጊዜ ካፈሰስኩ በኋላ ነው ዝም ያለው። ባትሪው አልተሰነጠቀም። በየሳምንቱ ሲሞላ በክዳኖቹ በኩል አሲድ ያዘለ ጭጋግ ሲተፋ፣ ኩርባ ላይ ሲዘም ደግሞ ጠብታ ሲያፈስ ነው የከረመው። በጥጥ ላይ ያረፈ አሲድ ወዲያው አይታይም፤ እስኪታጠብ ይጠብቃል።

ከዚህ በኋላ ለዚህች መኪና የሚሠራውን፣ ቱቦ የሚሰካበትንና ፖሉ ቀጭን የሆነውን ኤ ጂ ኤም ባትሪ ገዛሁ። ዋጋው ከተራው እጥፍ ገደማ ነው፤ አቅሙ፣ ማለትም የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን፣ 30 አምፔር-ሰዓት ያህል። ቦታው ላይ ሲገባ «ቀብ» ብሎ ተቀመጠ፣ ማሰሪያው ደረሰ፣ ቱቦዎቹ ተሰኩ። ተደሰትኩ። በሁለተኛው እሑድ ቁልፉን ሳዞር ግን፣ «ቀጭ»።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ትልቅ ቁጥር የሚያደርሰው ጉዳት የገባኝ። መደብር ሄጄ ልጣላ ባትሪውን ፈትቼ ከጨረስኩ በኋላ የድሮው ሙያዬ ትዝ አለኝና መኪናዋ ቆማ ሳለች ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደምትወስድ ለማየት መለኪያዬን አወጣሁ። ኔጌቲቩን ኬብል ከባትሪው ለይቶ መለኪያውን በመካከል፣ 10 አምፔር በሚለው መስመር ማስገባት ነው። ታዲያ መለኪያው በዚያ እያለ ሞተሩን ለማስነሣት የሚሞክር ሰው መለኪያውን ያቃጥላል። በሮቿ ተዘግተው፣ ሁሉ ነገር ጠፍቶ 140 ሚሊ አምፔር ትወስዳለች። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ሳወጣ፣ የሬዲዮው ላይ ስደርስ ቁጥሩ ወደ 15 ወረደ። ሬዲዮውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ቁልፉ ሲዞር ብቻ መሥራት የነበረበትን ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለው ሽቦ ጋር አያይዤው ኖሯል። ፊቱ ላይ መብራት ስላልነበረው ጠፍቷል ብዬ ነበር።

ሂሳቡን ሥሩ። 140 ሚሊ አምፔር በ24 ሰዓት 3.36 አምፔር-ሰዓት ነው፤ በሳምንት 23.5። ባለ 30ው ባትሪ በዘጠነኛው ቀን ባዶ ይሆናል። የመጀመሪያውንም የገደለው ይኼው ነው። ያ ተራው ትልቁ ባትሪ ግን 50 ገደማ ስለሚይዝ ሳምንቱን ሙሉ እየተመጠጠ፣ እሑድ ግማሹን ይዞ ያስነሣልኛል፤ ከዚያ ዲናሞው የጎደለውን ሊሞላ ይታገላል፣ ሲሞላም ይተነፍሳል፣ ጋቢው ላይ። ትልቁ ባትሪ በሽታዋን አላዳነም፤ ስድስት ወር ደበቀልኝ። ሬዲዮው ሲስተካከል፣ ትንሹ ባትሪ በ15 ሚሊ አምፔር ሁለት ወር ተኩል ቆሞ እንኳ አልቆ አያልቅም።

ስለ ማስነሻ ቁጥሩ ራሱ ትንሽ ልጨምር፤ ዓምዳችሁ ምን እንደሆነ ሳይነግረን ነው «ትልቁን ግዙ» ያለን። ቁጥሩ ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ቮልቴጁ ከ7.2 ሳይወርድ ለ30 ሰኮንድ ሊሰጥ የሚችለው አምፔር ነው። ሚኒሶታ ደጅ ላይ ለሚያድር ትልቅ ፒክአፕ ይህ የሞት የሽረት ነገር ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለሚቆም 1.6 ሊትር ሞተር ግን የፋብሪካው ልክ ይበቃል። ብዙ ቀን ለሚቆም መኪና ከዚህ ቁጥር ይልቅ አምፔር-ሰዓቱን፣ ከአምፔር-ሰዓቱም ይልቅ የሚወስደውን ሚሊ አምፔር ማወቅ ይጠቅማል።

ሊቲየም ስለሚባለው ወዳጆቼ ይጠይቁኛል። ቀላል ነው፣ ሁለትና ሦስት ኪሎ ብቻ የሚመዝን አለ፤ ለውድድር ለሚነዳ ሰው ይገባኛል። ነገር ግን በረዶ በሆነ ብርድ መሞላት አይወድም፣ የ30 ዓመት ዲናሞም ለእርሱ ተብሎ አልተሠራም። ለእኔ አይሆነኝም።

ሌላው፣ የምትገዙት ባትሪ መደብሩ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ እዩ። ብዙዎቹ ላይ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይለጠፋል፤ ፊደሉ ወር ነው፣ «ኤ» ሲል ጃንዋሪ፣ «ቢ» ሲል ፌብሩዋሪ፣ ቁጥሩ ደግሞ የዓመቱ መጨረሻ አሃዝ። ሳይሞላ ግማሽ ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ ባትሪ አዲስ ቢባልም አዲስ አይደለም። መለኪያ ያለው ሰው እዚያው ይለካው፤ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ይላል። 12.2 ካነበባችሁ ሌላ እንዲያመጡላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ። አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ በመያዣ የከፈላችሁት ገንዘብ ይመለስላችኋል።

የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዓምደኛው ለተራ መኪና የሰጠው ምክር ላይ ክርክር የለኝም። «ትልቅ ቁጥር ማንንም አይጎዳም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙልኝ፣ ባትሪያቸው ከኋላ ወይም ከመቀመጫ ጀርባ የሆነ መኪኖች ቱቦ የሚሰካበት ባትሪ እንደሚያስፈልጋቸውም አንድ መስመር እንዲጨምሩ እለምናለሁ። ቦታ ከጠበበ ስለ ሬዲዮው የጻፍኩትን መቁረጥ ትችላላችሁ፤ በእርግጥ እሱ ቢቆረጥ ደስ ይለኛል፣ የሶማሌ ተራ የሥራ ባልደረቦቼ ጋዜጣችሁን በኢንተርኔት እንደሚያነቡ አውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የመኪና ኤሌክትሪሺያንና ታክሲ ነጂ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ