ስለተስፋፋ የጉበት ካንሰር ሕክምና

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው ክረምት ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ አባቴን ሐኪም ዘንድ ስናቀርባቸው የተነገረን «ይዛችኋቸው ግቡ፣ ያማራቸውን አብሏቸው» የሚል ብቻ ነበር። ምክሩ ምናልባት ትክክል ነበር፤ ጉበቱ ክፉኛ የደከመ ሕመምተኛ የካንሰሩን መድኃኒት አይችለውምና። ቅር ያለኝ ምክንያቱን የነገረን ሰው አለመኖሩ ነው።

ጉበታቸው ገና ሥራውን ለሚሠራ ሕሙማን ግን አማራጭ አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የተፈቀደው ሶራፌኒብ የተባለው እንክብል በዋናው ጥናት የሕሙማኑን መካከለኛ የመኖር ዕድሜ ከ7.9 ወደ 10.7 ወር ያደረሰ ሲሆን፣ በ2020 የተፈቀደው አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የተባሉት ሁለት መድኃኒቶች ጥምረት ደግሞ ከእርሱም የተሻለ ውጤት አሳይቷል፤ ይሁንና ጥምረቱ የመድማት አደጋ ስላለው አስቀድሞ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች አብጠው እንደሆነ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ሊታዩ ይገባል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበትም የቫይረሱን መድኃኒት አያቋርጥም። የእነዚህ የካንሰር መድኃኒቶች ዋጋ ከብዙዎቻችን አቅም በላይ መሆኑን አልስተውም።

የጤና ዓምዳችሁ ስለማስታገሻ ሕክምናም፣ ማለትም የሕመምተኛውን ሥቃይ ስለሚያቀልለው እንክብካቤ፣ ቢጽፍ መልካም ነው። ውኃው በመርፌ የተቀዳላቸው ዕለት ማታ አባቴ፣ ለሳምንታት ትራስ ተደግፈው ሲያነጉ የነበሩት፣ ጋደም ብለው ተኙ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ