ለደንበኞቻችን፦ በዐቢይ ጾም የፍስክ ካፕ ኬክ ስለማቆማችን

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ከረማችሁ?

ጾሙ ከገባ ወዲህ ከደጃችን አዝኖ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ወደ አንኮበር የሚሄዱ እንግዶች ቅቤና እንቁላል ያለበትን ካፕ ኬካችንን ፈልገው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድተው መጡ። የጾም ብቻ ነው ያለን ስንላቸው «ለልጆቹ ቃል ገብተን ነበር» ብለው ባዶ እጃቸውን ሄዱ። በዚያው ቀን አንዲት እናት ለልጇ አምስተኛ ዓመት ልደት 24 ካፕ ኬክ ልታዝ መጥታ፣ «ከተከፈተ ጀምሮ የምመጣበት ቤት!» ብላ እንባ እየተናነቃት ወጣች። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ስለገቡ፣ ለአፍጥር ሲያዝዙን የነበሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቅር ተሰኝተዋል። ከሁሉም የከበደኝ ግን «ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው፣ ዋጋው ግን ያው 70 ብር! ጾሙን መነገጃ አደረጋችሁት» የሚለው ነው።

ውሳኔውን ቀደም ብለን በር ላይ መለጠፍ ነበረብን፤ አልለጠፍንም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልን።

መነገጃ ስለሚለው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። በጾም እንቁላልም ቅቤም እንደሚረክስ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ትርፍ ብቻ ቢሆን ሐሳባችን የፍስክ ኬክ የሚያዋጣን አሁን ነበር። ቅቤው ሳይወደድ፣ እንቁላሉ ተትረፍርፎ ሳለ ነው የተውነው።

ምክንያቱ አምና የሆነ ነገር ነው። በ2017 ጾም ሁለቱንም እንጋግር ነበር፤ ጠዋት የጾሙን፣ ከሰዓት የፍስኩን። መጋገሪያችን አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሁለት ትሪ ነው። ትሪውን በፈላ ውኃና በአመድ ሳይቀር እናሽ ነበር። አንድ ዓርብ ግን የቤታችን ግርግር በዝቶ ሳጥን ተቀያየረ። እኔን በእጃቸው ያሳደጉኝ ጎረቤታችን እማማ፣ ሥላሴን ተሳልመው ሲመለሱ ጎራ ብለው የወሰዱት የቅቤው ሆኖ ተገኘ። ቀምሰው ነው ያወቁት። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጾሜን አስገደፍሽኝ?» ብቻ አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ባለቤቴ ሊያጽናናኝ ሞከረ፣ እናቴም «ሳታውቂ ነው» አለችኝ። እሳቸው ግን እስከ ፋሲካ ድረስ በደጃችን ሲያልፉ ወደ ውስጥ አላዩም። ለሚጾም ሰው «ዕቃው ተለይቷል» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ እውነት መለየቱን ግን የምናውቀው በወጥ ቤት ያለነው ብቻ ነን። ሰው እኛን አምኖ ነው የሚጎርሰው። ስለዚህ ሁለተኛ መጋገሪያ እስክንገዛ ድረስ በዐቢይ ጾም ከዚህ ቤት ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ይውጣ ብለን ወሰንን።

«ሁለተኛውን ለምን አትገዙም?» ላላችሁን፦ የመጀመሪያውን እንዴት እንደገዛን ላስታውሳችሁ። አባቴ ዕድሜውን በብርድ ልብስ ፋብሪካው የጨረሰ ሰው ነው። እናቴ ጠባሴ መንገድ ዳር ድፎ ዳቦ ትሸጥ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ፒያሳ ኬክ ቤት አራት ዓመት ተቀጥሬ ሙያውን ተማርኩና በ2008 ዓ.ም. ወደ አገሬ ተመለስኩ። መጋገሪያው የተገዛው በእናቴ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው ሲደርሳት ጣራዋን ልታስቀይርበት የነበረውን ብር ነው የሰጠችኝ። ጣራው ዛሬም ያው ነው።

ተመልሼ የጋገርኩት የመጀመሪያው ትልቅ ኬክ መሐሉ ሰመጠ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። በፒያሳ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ልክ እዚህ አልሠራ አለኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ አዲስ አበባም ደጋ ናት፣ ደብረ ብርሃን ግን ከእሷ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ከ2,800 ሜትር በላይ አየሩ ይሳሳል፣ ውኃ 100 ሳይደርስ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሊጡ ውስጥ ያለው አየር ቶሎ ይነፋና ኬኩ ሳይበስል ያብጣል፤ የሚይዘው ሲያጣ ደግሞ ይወድቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስኩ፣ ስኳሩን ቀነስኩ፣ ዱቄትና ፈሳሽ ጨመርኩ፣ እሳቱን ከፍ አደረግሁ። ከዚያም በትንንሽ ወረቀት ስሞክረው ቆመ። መሐሉ ከዳሩ ስለማይርቅ እኩል ይበስላል። ካፕ ኬክ ቤት የሆንነው በዚህ ነው፤ ፋሽን ተከትለን አይደለም፣ የአገራችን ብርድና ከፍታ ያስተማረን ነው።

እንግዲህ ኬክን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ዋናው እንቁላል ነው። እሱን አውጥቶ በዚህ ከፍታ ካፕ ኬክ ማቆም ሁለት ጾም ፈጅቶብኛል። አሁን በእንቁላል ፋንታ የምንጠቀመው ተልባ ነው። ይለቀማል፣ ይፈጫል፣ በውኃ ተበጥብጦ እንደ እንቁላል ነጭ ዝልግልግ እስኪል ይቀመጣል። በወተት ፋንታ ሱፍ ነው፤ እናቴ ሌሊት ተነስታ ትቀቅለዋለች፣ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይጠለላል። እንቁላል ሰብሮ መምታት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሱፍ ማጥለል ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀምርና እስኪነጋ ይወስዳል። የእናቴ እጅ አሁን እንደ ዱሮው አይደለም። «ምንም የለውም» ስትሉ እሷ በመጋረጃው በኩል ትሰማለች፤ ይህን የምጽፈው በእሱ አዝኜ ጭምር ነው።

ሌላውን ወጪ እናንተም በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ይተመን ከተባለ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ካካዎው፣ ዘይቱ፣ የወረቀቱ ኩባያ ሳይቀር ከውጭ የሚመጣ ነው። የመብራት ታሪፍም ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ በየጊዜው ከፍ እያለ ነው፤ መብራቱ በመሐል ሲጠፋ ደግሞ በመጋገሪያው ውስጥ ያለው ሁለት ትሪ ይወድቅና ከዚያ ወዲያ ለሰው አይሰጥም። መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት የፉርኖ ዱቄቱ ከአዲስ አበባ እስኪገባ ሱቁን ዘግተን የዋልንበት ጊዜ አለ። በዚህ ሁሉ አንዱን ካፕ ኬክ በ70 ብር ያቆየነው ወረቀቱን ሳናሳንስ፣ ሁለቱን ልጆች ከሥራ ሳናሰናብት ነው። ሁለቱም የጠባሴ ልጆች ናቸው፤ አንደኛዋ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ማታ የምትማረው በዚህች ደመወዝ ነው።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «የእናንተን ጾም እኛ ለምን እንጹም?» ብላችኋል። እውነት አላችሁ። በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲቀመጥ በየሳምንቱ እያዘዛችሁ ይህን ቤት ያቆማችሁት እናንተ መሆናችሁን አልረሳነውም። ስለዚህ ለዒድ አል-ፈጥር ብቻ፣ ባለቤቴ እህቱ ቤት ባለች ትንሽ መጋገሪያ የፍስኩን ይጋግርላችኋል። ትሪዎቹ ወደ እኛ ቤት አይገቡም። መጋገሪያዋ ትንሽ ስለሆነች ከ120 ካፕ ኬክ በላይ አትችልም፤ እባካችሁ ከሦስት ቀን በፊት እዘዙ። ለአፍጥር ግን የተልባውን ከተምር ጋር አንድ ቀን ሞክሩልኝ። ካልወደዳችሁት ብራችሁን እመልሳለሁ።

ከሩቅ ለምትመጡ እንግዶቻችን፦ ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉልን። ከጧቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን፤ የጋገርነው ሲያልቅ እንዘጋለን፣ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ከ6 ሰዓት በፊት ያልቃል። ገብታችሁ ወጥ ቤታችንን ማየት ብትፈልጉም ደስ ይለናል። እናቴ የሱፉን አጠላለል ለጠየቃት ሁሉ ታሳያለች።

የቅቤው ካፕ ኬክ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነውና ከዚያው ቀን ጀምሮ ይመለሳል። የመንዙን ለጋ ቅቤ ከአሁኑ ተነጋግረናል።

ለዚያች እናት፦ ስልክሽን ሳልቀበልሽ ነው የወጣሽው። ይህን ካነበብሽ እባክሽ ተመለሺ። የልጅሽ ልደት ቢያልፍም ለፋሲካ ማግስት 24ቱን በነጻ እጋግርለታለሁ። የሚወደው ቀለም ሰማያዊ እንደሆነ ነግረሽኝ ነበር፤ ክሬሙን ሰማያዊ አደርግለታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የካፕ ኬክ ቤቱ ባለቤትና ቤተሰቧ