ግላስኔቪን ከመግባትህ በፊት

ውድ ወንድሜ አቤ፣

እንደምን ከረምክ? መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ፣ የቀረውን ስንገናኝ ትወቅሰኛለህ። ደብሊን ልትመጣ መሆኑን እህትህ ስትነግረኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ግላስኔቪን መካነ መቃብርን አያለሁ ብለሃል አሉ። ደስ አለኝ፤ ግን ሰጋሁ። አንተ ደግሞ ችኩል ነህ፣ መቃብሩ ግቢ ውስጥ ያለው ረጅሙ ማማ ላይ ፎቶ ተነስተህ ውልቅ ነው!

እባክህ ከማማው አትጀምር። መጀመሪያ ወደ ድሮው ክፍል፣ ወደ ፕሮስፔክት አደባባይ በር ሂድ። የአየርላንድ ካቶሊክ ያኔ የራሱ መቃብር ስላልነበረው ሬሳውን ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነበር የሚወስደው። እ.ኤ.አ. በ1823 በቅዱስ ኬቪን ግቢ አንድ ካህን ጸሎት ሊያደርስ ሲል ከለከሉት። ጠበቃው ዳንኤል ኦኮኔል ሕጉን መርምሮ፣ እንዲህ ያለ ክልከላ የለም አለ። ሰው ፍትሐቱ ሳይቋረጥበት እንዲቀበር ሲታገሉ ነው ግላስኔቪን በ1832 የተከፈተው፤ ለማንኛውም እምነት። መጀመሪያ ያረፈው የ11 ዓመቱ ማይክል ኬሪ ነው። ዛሬ 50 ሄክታር ገደማ ሆኗል፤ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው አርፎበታል።

አጥሩ ላይ ያሉትን የጥበቃ ማማዎች ልብ በል። ለሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚሸጡ የሬሳ ሌቦች ትኩስ መቃብር ስለሚቆፍሩ፣ ሌሊት ዘበኛ ያድር ነበር።

ሐውልት የሌለበትን ሣር ባዶ ነው ብለህ አትለፈው። ቦታ መግዛት ያልቻለ ድሃ በጋራ ጉድጓድ ተቀብሮበታል፤ በ1849 የኮሌራ ወረርሽኝ ያለቀው ሕዝብም እንዲሁ። የፖለቲካ መሪው ፓርኔል ያረፈው በዚያው የኮሌራ መሬት ላይ ነው፤ ድንጋዩ ያልተጠረበ ግራናይት ሲሆን፣ ከስሙ ሌላ ምንም አልተጻፈበትም። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

የምትፈልገው ሰው ካለ ስም ብቻ ይዘህ አትምጣ። ጆን መርፊ ብትል ስንቱ ይወጣል! የሞተበትን ዓመት፣ ዕድሜውንና ሰፈሩን ያዝ፤ መዝገቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተይዟል። የመቃብሩ አድራሻ ብለው የሚሰጡህን ፊደል፣ ቁጥርና የክፍል ስም ሦስቱንም ጻፍ፤ የክፍሉን ስም ከረሳህ ፊደሉና ቁጥሩ ብቻቸውን የትም አያደርሱህም።

ከዚያ ማማው። ከሥሩ የኦኮኔል መቃብር አለ፤ በድንጋዩ ቀዳዳ እጅህን ሰደህ ሣጥኑን መንካት ትችላለህ። ልቡ ግን ሮም ነው የሄደው። ደረጃው 198 ነው፤ በ1971 ቦምብ አፍርሶት እስከ 2018 ተዘግቶ ነበር።

ሌላም ልነግርህ የፈለግሁት ነበር... ይሁን፣ በአካል ይሻላል። ሣሩ እርጥብ ነው፤ ውሃ የማያስገባ ጫማ አድርግ። ስታርፍ ደውልልኝ።

ወንድምህ