ቅዳሜ አርማታ ከመሞላቱ በፊት

አዳማ፣ ማክሰኞ ማታ

እህትዓለም፣

እንዴት ነሽ? ሐዋሳ ተስማማሽ? ትልቁ ልጅሽ ትምህርት ቤት ገባ?

ሁለት ዓመት ተኩል ሆነን። በትክክል የማውቀው ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ስለሆናት ነው። ዝምታችን እኩያዋ ነው። ስንቴ ስልክሽን አውጥቼ እንደተውኩት ብነግርሽ አታምኚኝም። ለአባትሽ ቀብር አልደረስኩም፤ አራስ ነበርኩ፣ ይሄን አንቺም ታውቂያለሽ። ለአርባው ግን መምጣት እችል ነበር። አልመጣሁም። ይቅር በይኝ። የቀረውን ወደ ታች እጽፈዋለሁ። አሁን ከገባሁበት ይሄኛውም ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ ሳይላክ ይቀራል።

ቤት እየሠራን ነው። አዎ፣ እኛ! ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የንፋስ ኃይሉ ማማዎች በሩቁ የሚታዩበት ጋ። 140 ካሬ ናት። ያለንን ሁሉ እዚያ አፍስሰናል። መሠረቱ ወጥቷል፣ ድንጋዩም ተነጥፏል። ቅዳሜ የወለሉ አርማታ ይሞላል። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ከወለል ሥር የሚያልፍ ቱቦ ሁሉ ተቀበረ ማለት ነው። የረሳሁት ነገር ካለ በመዶሻና በመሮ አርማታ መቆርቆር ነው። ይሄ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ለፈቃዱ ያሠራነው ፕላን የሳኒታሪ ገጽ አለው። ግን ከሌላ ሰው ቤት የተቀዳ ነው የሚመስለው። ወጥ ቤቱ የኛ ወጥ ቤት ባለበት አይደለም። ሽንት ቤቱ ደግሞ መኝታ ቤቱ መሐል ወድቋል። ሠሪውን ስጠይቀው «እሱ ለፊርማ ነው፣ ሳይት ላይ ይስተካከላል» አለኝ። ሳይት ላይ ማን ያስተካክለዋል? ስለዚህ እኔው ቁጭ ብዬ ሳልኩት።

ልጅቷ ስትተኛ ባለ ካሬ ደብተር አወጣለሁ። አንዱ ካሬ 25 ሴንቲ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሙቅ በቀይ፣ ፍሳሽ በእርሳስ። እርሳሱ እየተፋቀ ወረቀቱ ሁለት ቦታ ተቀዷል። ባለፈው እሁድ እማዬን ሳይቱ ላይ ወስጄ ወጥ ቤቱ ጋ አቆምኳት። «እዚህ ሲንኩ ነው፤ እስቲ ዕቃ እንደሚያጥብ ሰው ሁኚ» አልኳት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እጇን በአየር ላይ ማሸት ጀመረች። ከክርኗ ዝቅ ብዬ ለካሁ። 82 ሴንቲ። በዚያ ቁመት ይሠራል። አርባ ዓመት ሙሉ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ያጠበች ሴት ናት፤ በሰው ልክ በተሠራ ሲንክ በእግር ጣቷ አትቆምም።

አሁን ዋናውን ጭንቀቴን ልንገርሽ። አንቺ ስንት ሕንፃ ላይ ሳኒታሪ ያስገባሽ ሰው ነሽ፣ ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

እኔ የሳልኩት ሁለት የተለያየ መስመር ነው። አንዱ ከቆጣሪው ተነስቶ ቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። 500 ሊትር የምትይዝ የራሱ ታንከር አለው፤ ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ነው። ሌላው ከ2,000 ሊትሩ ሮቶ ወርዶ ለሽንት ቤት፣ ለሻወርና ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል። ቧንቧ ሠሪያችን ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና «የኔ ልጅ፣ ውሃ ውሃ ነው። በአንድ ፓይፕ ይለቅ፣ ለምን ብርሽን ትጨርሻለሽ?» አሉኝ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ የሚሉት ለኔው አስበው ነው። ባለቤቴም ወደ እሳቸው አደላ። ብቻዬን ቀረሁ።

ምክንያቴን ለአንቺ ማስረዳት የለብኝም። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲጠፋ ቦቴ እንጠራለን። የከተማው ውሃ ከአዋሽ ተጠልፎ፣ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ቦቴው ግን ከየትኛው ጉድጓድ እንደቀዳ በምን አውቃለሁ? የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ጥርስ የሚያበልዝ ፍሎራይድ ሊይዝ እንደሚችል ደግሞ የእኔና የአንቺ የበለዘ ጥርስ ምስክር ነው።

ወንጂ ትዝ ይልሻል፣ የ12ኛ ክፍል ፎቶ ልንነሳ የሄድን ቀን? ፎቶ አንሺው «ፈገግ በሉ» ሲል ሁለታችንም አንድ ላይ አፋችንን ገጠምን። አንቺ እስካሁን ስትስቂ ነጠላሽን ወደ አፍሽ ትወስጃለሽ አይደል? በሠርግሽ ቪዲዮ ላይ ቆጥሬያለሁ፤ አስራ አንድ ጊዜ! እንዲህ ያለች ቆንጆ ሙሽራ አፏን ሸፍና።

ልጄ እንዲህ እንድትሆን አልፈልግም። ቋሚ ጥርሷ እኮ አሁን ነው ድድ ውስጥ እየተሠራ ያለው። እስከ ስምንት ዓመቷ ድረስ የምትጠጣው ውሃ ነው የሚወስነው፤ ከዚያ ወዲያ የበለዘውን ማንም ወደ ኋላ አይመልሰውም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ መኖር የለበትም ይላል። እና ይሄ ነገር አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም። እማዬ «አፍልቼ እሰጣታለሁ» ትላለች። ማፍላት ጀርሙን ነው የሚገድለው፤ ፍሎራይዱ እዚያው ነው። ውሃው ተንኖ ሲያንስ እንዲያውም ይበረታል። ይሄን ለእሷ ማስረዳት ከባድ ነው። እኔን ያሳደገችኝ አፍልታ ነው፣ የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች። ጥርሴን አይታ ጥፋተኛ ነኝ እንድትል አልፈልግም።

ስለዚህ ሁለት መስመር ብያለሁ። ፈረቃው ሲመጣ መጀመሪያ ትንሿ ታንከር ትሞላለች፤ 500 ሊትር ለአምስት ሰው ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ከሆነ ብዙ ቀን ያቆየናል። ሮቶው የቦቴ ውሃም የጣሪያ ውሃም ቢገባበት ግድ የለኝም። ጣሪያው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በወረደ ቁጥር በየካሬው አንድ ሊትር ነው። በክረምት ለሽንት ቤት ውሃ ምን ሆኜ እገዛለሁ?

የምፈራው ምን መሰለሽ? የዛሬ ዓመት ውሃ ይጠፋና አንዱ መጥቶ በግማሽ ሜትር ፓይፕ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ለአንድ ቀን ብሎ። ከዚያ ይረሳል። እዚህ ላይ ነው አንቺን የምፈልግሽ። ውሃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቼክ ቫልቭ ይበቃል? ወይስ ጭራሽ በተለያየ ግድግዳ ልውሰዳቸው? እኔ የሳልኩት በተለያየ ግድግዳ ነው፤ የመጠጡ በሰሜን በኩል፣ የሌላው በደቡብ። ፓይፕ ይጨምራል፣ ገብቶኛል። ግን ማንም ሰው በቀላሉ ሊያገናኛቸው አይችልም። በዚያ ላይ የመጠጡን ፓይፕ ከመለሰኑ በፊት ሰማያዊ ቀለም እቀባዋለሁ፣ ፎቶም አነሳዋለሁ። ልክ ነኝ? ካልሆንኩ በግልጽ ንገሪኝ፤ አንቺ ስትቆጪኝ አልከፋም።

ሌላው የሮቶው ቦታ ነው። ሰርቪስ ቤቱ ሶሌታ ላይ ይቀመጥ እየተባለ ነው። 2,000 ሊትር ሲሞላ ሁለት ቶን ነው! ሁለት ቶን ማለት እኮ አንድ ትልቅ መኪና ጣሪያ ላይ ማቆም ነው። ፎርማኑ ፌሮውን አጠጋግቶ እንዲያስር ነግሬዋለሁ። ከፍታው ደግሞ አላረካኝም። የታንከሩ ወለል ከሻወሩ ራስ በላይ 2 ሜትር ብቻ ነው። በየሜትሩ 0.1 ባር ነው ብለሽኝ የለ? 0.2 ባር ሻወር ምን ይሆናል? ይንጠባጠባል። ቢያንስ የሚወርደው ፓይፕ ባለ 32 ሚሊ ይሁንና ወደ ቅርንጫፎቹ ሲሄድ ይጥበብ ብያለሁ። ፓምፕ በኋላ ብር ሲገኝ ይገባል፤ ቦታውንና መብራቱን ከአሁኑ አዘጋጅቼለታለሁ።

ፍሳሹን በአጭሩ። ሽንት ቤቱ በ110 ሚሊ ቱቦ፣ ሲንኩና ሻወሩ በ50። ከሽንት ቤቱ እስከ ሴፕቲኩ 9 ሜትር ነው፤ በሜትር ሁለት ሁለት ሴንቲ ስሎፕ ስሰጠው 18 ሴንቲ ይወርዳል። መታጠፊያው ላይ ባለ 90 ክርን ሊከቱ ነበር፤ ሁለት ባለ 45 ይሁን አልኩ፣ እዚያው ጋ መክፈቻም አስደረግሁ። የሴፕቲኩን ክዳን ከግቢው ከፍ አድርጌዋለሁ። የአዳማን ጎርፍ ታውቂዋለሽ፤ ከየተራራው ወርዶ ወደ መሐል ነው የሚሰበሰበው።

የአየር ማውጫ ቱቦውን ግን ማንም ሊያስቀረኝ አይችልም! «ቆርቆሮ መብሳት ነው፣ ዝናብ ያስገባል» አሉኝ። ፍራንኮ ሰፈር የተከራየንበትን ክፍል አስታወስኩ። ያ የሻወሩ ወለል ላይ ያለ ቀዳዳ። በፌስታል አሸዋ ሞልተን የምንደፍነው፣ እንግዳ ሲመጣ ዕጣን የምናጨስበት። ለካ ሽንት ቤቱ በተለቀቀ ቁጥር ከቀዳዳው ሥር ባለው ሲፎን ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ራሱ እየመጠጠው ነበር። አየር የሚያገኝበት መንገድ ስለሌለው። ሲፎኑ ደረቅ ከሆነ ሽታውን ምን ያግደዋል? ይሄን የነገሩን አባትሽ ናቸው። ሊጠይቁን መጥተው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ኩባያ ሙሉ ውሃ ቀዳዳው ላይ አፍስሰው «ጠብቁ» አሉን። ሽታው ጠፋ። ከዚያ ሽንት ቤቱን ለቀቁትና ቀዳዳው ጉርግር ሲል ጆሯችንን አስጠግተው አሰሙን።

እሺ። እሳቸው ጋ ደረስኩ።

ከማረፋቸው አንድ ሳምንት በፊት ደውለውልኝ ነበር። ይሄን አታውቂም። ልጅቷ ጡት ላይ ነበረች፣ ታለቅሳለች። «ጋሼ፣ ቆይቼ ልደውልልዎ» አልኳቸው። «ችግር የለም፣ ቦታ አገኘሽ ወይ ብዬ ነው» አሉኝ። አልደወልኩም። ነገ እያልኩ፣ ነገ እያልኩ። ከዚያ የአንቺ ስልክ መጣ።

ቤት ስትሠሪ ቧንቧውን የምዘረጋልሽ እኔ ነኝ ይሉኝ ነበር እኮ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ለአርባው ያልመጣሁት ለዚህ ነው። እዚያ ግቢ ገብቼ አንቺን ሳይሽ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። አንቺ አባትሽን አጥተሽ ተቀምጠሽ እኔ ስላልመለስኩት ስልክ ላለቅስብሽ ነው? አፈርኩ። ቀኑ አለፈ። ካለፈ በኋላ ደግሞ መደወሉ የባሰ ከበደኝ። በቃ ይሄ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን ልጠይቅሽ የፈለግሁት ነገር… እንዴት እንደምለው አላውቅም። ያቺ ነጭ ቱቧቸው አለች? ውሃ የሚሞሉባት፣ ደረጃ የሚለኩባት። ሁለታችንን በሁለት ጫፍ አቁመው «አውራ ጣትሽን አንሺ፣ አየር ካለባት ትዋሻለች» የሚሉን። ያችን። ፎርማኑ የብረት ውሃ ልክ አለው፣ ግን አጭር ናት፤ ለ9 ሜትር ትንሽ የተሳሳተች እንደሆነ መጨረሻው ላይ ብዙ ነው። ከዕቃቸው ጋር ለሰው ተሰጥታ ከሆነ ምንም አይደለም፣ እዚህ በሜትር ይሸጣል። አንቺም ማውጣቱ የሚከብድሽ ከሆነ ተይው፣ አልቀየምም። ካለች ግን የእኔ ቤት ስሎፕ በእሷ ቢለካ ደስ ይለኛል። አንዱን ጫፍ ብቻዬን መያዝ አልችልም ደግሞ።

አርብ መምጣት ትችያለሽ? አንድ ሌሊት ብቻ። ልጁንም ይዘሽው ነይ። ከሰዓት ከተነሳሽ ለማታ ትደርሻለሽ፣ ስንት ሰዓትም ቢሆን መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳይቱ እንሄዳለን፣ ሚክሰሩ የሚመጣው 2 ሰዓት ነው። እማዬ ከአሁኑ ሽሮ እያስፈጨች ነው፤ ትመጣለች ብዬ ነግሬያታለሁና አታሳፍሪኝ። መምጣት ካልቻልሽ የደብተሩን ፎቶ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ እስከ ሐሙስ ማታ አይተሽ በቀይ አርሚልኝ።

ልጄ ደግሞ ያንቺን ስም ታውቃለች። ፎቶሽን ሳሳያት «አክስቴ» ትላለች።

የሁልጊዜዋ ያንቺው

ተጨማሪ፦ አሁን ወጥቼ በሜትር ለካሁት። ከሽንት ቤቱ እስከ ሴፕቲኩ 9 ሜትር አይደለም፤ 9 ሜትር ከ40 ነው። ከላይ 18 ያልኩሽን 19 ሴንቲ አድርገሽ አንብቢው።