ሳክሽን በሰዓት አይደረግም

ሰላም የባሕር ዳር አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነርሶች፣

ትናንት ማታ ተረኛ ነበርኩ። መተንፈሻ ቱቦ የገባለት በሽተኛ ቻርት ላይ «ሳክሽን በየ2 ሰዓቱ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ፤ ከቱቦው አክታ መሳብ ማለት ነው። እባካችሁ ይሄን ልማድ እንተወው። ሳክሽን ሲያስፈልግ ነው፤ ቱቦው ውስጥ አክታ ሲታይ፣ ደረቱ ሲያንኮራኩር፣ ኦክስጅኑ ሲወርድ።

መጀመሪያ 100 በመቶ ኦክስጅን ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ስጡ። የካቴተሩ (አክታ የሚስበው ቀጭን ቱቦ) ውፍረት ከመተንፈሻ ቱቦው የውስጥ ስፋት ግማሽ አይብለጥ፤ ለ8 ቁጥር (8 ሚሊሜትር) ቱቦ 12 ቁጥር (4 ሚሊሜትር) ካቴተር ይበቃል። ስታስገቡ አትሳቡ፣ ስታወጡ ብቻ። ከ15 ሰከንድ አትለፉ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነው የምሠራው፤ እኔን ሲጨንቀኝ በሽተኛውም እንደጨነቀው ይገባኛል። ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ቱቦው ውስጥ በልማድ መጨመሩም ይቅር።

በሽተኛው ማደንዘዣ ላይ ቢሆንም ንገሩት። «ጋሼ፣ አክታ ላወጣልዎት ነው፣ ትንሽ ያስልዎታል» ማለት ምን ይከብዳል?

ደግሞ መብራቱን ታውቁታላችሁ። በእግር የሚረገጠው ሳክሽንና አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው) አልጋው አጠገብ ይሁኑ። ባለፈው መብራት ሄዶ፣ ሳክሽኑ ስቶር ተቆልፎበት፣ ቁልፉን ፍለጋ ስንሯሯጥ ነበር።

ቅዳሜ ከርክክብ በኋላ የቀሩትን ካቴተሮች እንቆጥራለን። የጠዋት ተረኞች ቆዩልን።